የጂሚ ሄንድሪክስ ሕይወትና የጊታር ኢፌክቶቹ ቅደም ተከተል፦ ለክራርና ለማሲንቆ ድምፅ ማጉላት የሚሰጠው ትምህርት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የጂሚ ሄንድሪክስን (1942–1970) ሕይወት ከድምፅ ኢፌክት መሣሪያዎቹ አደረጃጀት ጋር አያይዞ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ የሄንድሪክስ ድምፅ የመሣሪያ ብዛት ውጤት አይደለም የሚል ነው። ድምፁን የፈጠሩት ጥቂት መሣሪያዎች አንድ በአንድ መጨመራቸው፣ የተሰለፉበት ቅደም ተከተልና የተጫዋቹ እጅ ናቸው። በ1967፣ በ1969 እና በ1970 መግቢያ ያቀረባቸው ሦስት የመድረክ ሥራዎች ይነጻጸራሉ፤ ከንጽጽሩም ለክራርና ለማሲንቆ ድምፅ ማጉላት ሊጠቅሙ የሚችሉ ነጥቦች ይወጣሉ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በሚካሄዱ ሠርጎችና በዓላት ማሲንቆና ክራር በድምፅ ማጉያ ሲቀርቡ መስማት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የማጉላቱ ሥራ የሙዚቃው አካል ተደርጎ ሳይሆን ለቴክኒክ ሠራተኛ የሚተው የመጨረሻ ዝግጅት ሆኖ የመታየት ዝንባሌ አለው። በቅኝቱና በግጥሙ ላይ ብዙ የሚያስብ ሙዚቀኛ፣ ድምፁ ከክሩ ተነሥቶ እስከ አድማጩ ጆሮ ድረስ በምን በምን እንደሚያልፍ አያስብ ይሆናል። በዚህ መካከል የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም፤ የማሲንቆው ለዛና የክራሩ ጥራት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

የሄንድሪክስ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች በቅጂዎች፣ በፎቶግራፎችና አብረውት በሠሩ መሐንዲሶች ምስክርነት በሚገባ ስለሚታወቁ ደረጃ በደረጃ መከታተል ይቻላል። ሁለተኛ፣ ዘመኑ ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ዘመን ጋር ይገናኛል። ሄንድሪክስ በኒው ዮርክ ትንንሽ ቤቶች ይጫወት በነበረበት በ1966፣ ሙላቱ አስታጥቄ በዚያው ከተማ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአፍሮ ላቲን ሶል አልበሞቻቸውን አውጥተዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የፈዝና የዋ-ዋ ድምፅ በአዲስ አበባ በተቀረጹ ሸክላዎች ላይ መሰማት ጀምሯል። እነዚህ መሣሪያዎች ለእኛ ሙዚቃ እንግዳ አይደሉም፤ የአሠራራቸው ጥናት ግን ገና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

2. ልጅነትና ወጣትነት

ሄንድሪክስ ኅዳር 27 ቀን 1942 በዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትል ከተማ ተወለደ። ሲወለድ የተሰጠው ስም ጆኒ አለን ነበር፤ አባቱ አል ሄንድሪክስ ከውትድርና ከተመለሰ በኋላ በ1946 ጄምስ ማርሻል ብሎ ለወጠው። ልጅነቱ ድህነትና የቤተሰብ መፍረስ የተፈራረቁበት ነበር። ወላጆቹ ተለያዩ፤ እናቱ ሉሲል በ1958 ሞተች። መጥረጊያ እንደ ጊታር ይዞ ይጫወት የነበረው ልጅ በመጀመሪያ ያገኘው የክር መሣሪያ ከተጣለ ዕቃ መካከል የተነሣ ባለ አንድ ክር ኡኩሌሌ ነው። በዚያች አንድ ክር በጆሮው የሰማውን ዜማ እየፈለገ ይለማመድ ነበር። በ1958 በአምስት ዶላር ተራ ጊታር፣ በ1959 ደግሞ የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ጊታር አገኘ።

ሄንድሪክስ ግራኝ ነበር። ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጦ ይይዝና ክሮቹን ለግራ እጅ እንዲስማሙ ዳግመኛ ይወጥራል። ይህ ልማድ በኋላ ዝነኛ ባደረገው በፌንደር ስትራቶካስተር ላይ የድምፅ ለውጥ አስከትሏል። የዚህ ጊታር የድልድይ ፒክ አፕ ሰያፍ ሆኖ የተተከለ ሲሆን፣ በተለመደው አያያዝ ቀጫጭኖቹን ክሮች ከድልድዩ ቀረብ ብሎ ይቀበላል። ጊታሩ ሲገለበጥ ሁኔታው ይለወጣል፤ ወፍራሞቹ ክሮች የበለጠ ጥርት፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ የበለጠ ለዘብ ይላሉ። ስለዚህ የሄንድሪክስ የድምፅ ሰንሰለት የሚጀምረው ከማንኛውም ፔዳል በፊት፣ ከጊታሩ አያያዝ ነው።

በ1961 በተሰረቀ መኪና ተሳፍሮ በመያዙ እስራትና ውትድርና ቀረቡለት፤ ውትድርናን መርጦ በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ኬንታኪ ውስጥ ተመደበ። የውትድርና ሕይወቱ አጭርና ያልተሳካ ነበር፤ በ1962 ተሰናበተ። ሆኖም በሠፈሩ ውስጥ ከባስ ተጫዋቹ ከቢሊ ኮክስ ጋር ተዋወቀ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ለአዲስ አበባ ሙዚቃ ያበረከቱትን ለሚያውቅ አንባቢ፣ የወታደር ቤት የሙዚቀኞች መገናኛ መሆኑ አዲስ ነገር አይሆንም። ልዩነቱ ሄንድሪክስ ከወታደር ቤት ይዞት የወጣው የተደራጀ ሥልጠና አለመሆኑ ነው፤ የወጣው አንድ ጓደኛ አግኝቶ ነው።

ከ1962 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች በሚዘዋወሩባቸው ቤቶችና አዳራሾች በአጃቢነት ሠራ። በ1964 ከአይስሊ ወንድማማቾች፣ ቀጥሎም ከሊትል ሪቻርድ ጋር ተጫውቷል። በእነዚህ ባንዶች አጃቢ ከመሪው በላይ ጎልቶ መታየት አይፈቀድለትም፤ የሄንድሪክስ አለባበስና አጨዋወት ደጋግሞ ከመሪዎች ጋር አጋጭቶታል። እነዚህ ዓመታት ግን በከንቱ አላለፉም። ግራ እጁ የምት ሥርዓትን፣ ቀኝ እጁ የኮርድና የዜማ ቅልቅልን የተማሩት በዚሁ ጊዜ ነው። ኢፌክቶቹ ሲመጡ ያገኙት የተዘጋጀ እጅ ነበር።

3. ለንደንና የሰንሰለቱ አመጣጥ

በ1966 አጋማሽ ሄንድሪክስ በኒው ዮርክ ግሪንዊች መንደር የራሱን ትንሽ ባንድ አቋቁሞ ሳለ የአኒማልስ ባንድ የባስ ተጫዋች የነበረው ቻስ ቻንድለር አየው፤ በመስከረም ወርም ወደ ለንደን ወሰደው። በዚያም ከባሲስቱ ከኖኤል ሬዲንግና ከከበሮ መቺው ከሚች ሚቼል ጋር የጂሚ ሄንድሪክስ ኤክስፒሪያንስ ተመሠረተ። የሦስት ሰው ባንድ መሆኑ ለርእሳችን አስፈላጊ ነው። ፒያኖም ሆነ ሁለተኛ ጊታር በሌለበት፣ የአንድ ጊታር ድምፅ ሰፊ ቦታ መሙላት ነበረበት፤ የኢፌክት ፍላጎትም ከዚህ ክፍተት ጋር የተያያዘ ነው።

በዚያው ዓመት አርቢተር የተባለው የለንደን ድርጅት ፈዝ ፌስ የሚባለውን ክብ ፔዳል ለገበያ አቀረበ። የተበጣጠሰ የሚመስለው የፈዝ ድምፅ ቀድሞ ከስሕተት የተገኘ ነው፤ በ1961 ገደማ ናሽቪል ውስጥ ብልሽት ካጋጠመው የመቅረጫ ማጉያ የወጣው ድምፅ ሰው ስለወደደው፣ በ1962 ማኤስትሮ የተባለው ፈዝ ፔዳል ተሠርቷል። የፈዝ ፌስ ውስጣዊ አሠራር እጅግ ቀላል ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት መቆጣጠሪያ፣ በድምሩ 11 ክፍሎች ያሉት ሲሆን በባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። የጊታሩን ሞገድ እጅግ አጉልቶ ጫፎቹን ይቆርጣል፤ ከመቆረጡም በመነሻው ድምፅ ያልነበሩ ወይም ደካማ የነበሩ ከፍተኛ ተጓዳኝ ድምፆች ይወለዳሉ።

በ1967 መጀመሪያ ሄንድሪክስ ሮጀር ሜየር ከተባለ ወጣት መሐንዲስ ጋር ተገናኘ። ሜየር ለብሪታንያ ባሕር ኃይል ተቋም በድምፅ ምርምር ይሠራ የነበረ ሲሆን ኦክታቪያ የተባለውን መሣሪያ አቀረበለት። ይህ መሣሪያ የሞገዱን ታችኛ ግማሽ ወደ ላይ በማጠፍ ድግግሞሹን እጥፍ ያደርጋል፤ 220 ኸርዝ የገባው ድምፅ 440 ኸርዝ፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል። በመጋቢት 1967 በወጣው «ፐርፕል ሄዝ» የጊታር ሶሎ ላይ የሚሰማው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት አጋማሽ ዋ-ዋ ፔዳል ተጨመረ። ዋ-ዋ በእግር የሚንቀሳቀስ ማጣሪያ ነው፤ ከመቶዎች እስከ ሁለት ሺህ ኸርዝ በሚጠጋ ክልል ውስጥ አንድን የድምፅ ክፍል እያጎላ ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ የሰው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያሰማውን ይመስላል።

አራተኛው መሣሪያ የመጣው በ1969 ነው። ዩኒቫይብ በጃፓኑ ሺን-ኢ ድርጅት የተሠራ ሲሆን፣ በመካከሉ ብልጭ ድርግም የምትል አምፖልና ብርሃን የሚቀበሉ አራት ሕዋሳት አሉት። የብርሃኑ መፈራረቅ የሞገዱን ወቅት እያዛባ፣ ድምፁ የሚሽከረከር ያስመስለዋል።

ይህን የጊዜ ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሄንድሪክስ አራቱን መሣሪያዎች በአንድ ቀን ገዝቶ አልደረደረም፤ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶ፣ እያንዳንዱን በቅጂና በመድረክ እያወቀ ጨመራቸው። በጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ቀጣዩ የሚገባው የቀደመው ከተያዘ በኋላ ነበር። ዛሬ እንደምናየው በአንድ ሰሌዳ ላይ የተጠረዘ የፔዳል ስብስብም አልነበረውም፤ ሣጥኖቹ ወለል ላይ ተቀምጠው በገመድ ይያያዙ ነበር።

4. የሦስት መድረኮች ንጽጽር

የመጀመሪያው መድረክ ሰኔ 18 ቀን 1967 በካሊፎርኒያ የተካሄደው የሞንተሬይ ፌስቲቫል ነው። በዚህ ጊዜ የሰንሰለቱ ዋና መሣሪያ ፈዝ ፌስ ሲሆን ዋ-ዋ ገና አልገባም ነበር። የድምፁ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከጊታሩ የድምፅ መቆጣጠሪያ ነው። የፈዝ ፌስ የመግቢያ ኢምፔዳንስ ዝቅተኛ ስለሆነ ጊታሩና ፔዳሉ እንደ አንድ ወረዳ ይሠራሉ፤ ተጫዋቹ በጊታሩ ላይ ድምፁን ትንሽ ሲቀንስ ፈዙ ይጠራል፣ ሲጨምር ይጎረብጣል። ስለዚህ አንድ ሣጥን በትንሽ ጣት ብቻ ከንጹሕ እስከ ሻካራ ያሉ ብዙ ድምፆችን ይሰጣል።

ሁለተኛው ነሐሴ 18 ቀን 1969 ጠዋት የቀረበው የዉድስቶክ ሥራው ነው። ሰንሰለቱ ከጊታር ወደ ዋ-ዋ፣ ከዋ-ዋ ወደ ፈዝ ፌስ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቫይብ፣ በመጨረሻም ወደ ባለ 100 ዋት ማርሻል አምፕሊፋየሮች ነበር። ዋ-ዋ ከፈዝ በፊት ሲሆን አስቀድሞ የተመረጠው የድምፅ ክፍል ብቻ ተጎልቶ ይቆረጣል፤ ውጤቱ የታመቀና ለንግግር የቀረበ ነው። ዋ-ዋ ከፈዝ በኋላ ቢሆን ኖሮ ማጣሪያው በተጓዳኝ ድምፆች በተሞላ ሞገድ ላይ ስለሚዘዋወር እንቅስቃሴው ይበልጥ ሰፊና ጎላ ያለ ይሆናል። ዩኒቫይብ ደግሞ ከፈዝ በኋላ በመሆኑ ሽክርክሪቱ ግልጽ ሆኖ ይሰማል፤ ከፈዝ በፊት ቢቀመጥ ከፊሉን መቆረጡ ይውጠዋል። የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ያለ ቃል በጊታር ብቻ ሲጫወት የጦርነት ድምፅ ያስተጋባው በዚህ ሰንሰለትና በአምፕሊፋየሩ ፊድባክ ነው።

ሦስተኛው ከታኅሣሥ 31 ቀን 1969 እስከ ጥር 1 ቀን 1970 ባሉት ሁለት ምሽቶች በኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት ያቀረበው ነው። በዚህ ጊዜ ባሲስቱ የወታደር ቤት ጓደኛው ቢሊ ኮክስ፣ ከበሮ መቺው ባዲ ማይልስ ነበሩ። በ«ማሺን ገን» አራቱም መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ሆኖም አራቱ በአንድነት ሁልጊዜ አልተከፈቱም፤ ረጅሙ ሥራ እየገፋ ሲሄድ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። በሞንተሬይ በጣት የተሠራው የድምፅ ለውጥ እዚህ በእግርም ጭምር ይሠራል፤ መርሁ ግን አንድ ነው። መሣሪያው ዝም የሚልበት ጊዜ ከሚናገርበት ጊዜ እኩል ታስቦበታል።

ከሦስቱ ንጽጽር የሚወጣው ውጤት የመሣሪያ ቁጥር ሲያድግ ድምፁ በራሱ እንዳልተሻሻለ ነው። አዲስ ሣጥን በገባ ቁጥር የቀደሙት መስተጋብር ይለወጣል። ለምሳሌ የፈዝ ፌስ ዝቅተኛ የመግቢያ ኢምፔዳንስ ከፊቱ ያለውን ዋ-ዋ ስለሚጫነው የማጣሪያው እንቅስቃሴ ይደክማል። ባፈር በመካከል ቢገባ ዋ-ዋው ይድናል፤ ነገር ግን በጊታሩ መቆጣጠሪያ ፈዙን የማጥራት ችሎታ ይቀንሳል። በዚህ ሥራ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም፤ የሚቻለው የሚተውትን አውቆ መምረጥ ነው።

5. የመጨረሻዎቹ ወራት

በነሐሴ 1970 መጨረሻ ሄንድሪክስ በኒው ዮርክ ያሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ተከፈተ። ከመሐንዲሱ ከኤዲ ክሬመር ጋር ለረጅም ጊዜ የሠራ ሙዚቀኛ የራሱን የድምፅ ቤት ማግኘቱ የጉዞው ተፈጥሯዊ ቀጣይ ነበር፤ ከክር የጀመረው ሰንሰለት እስከ ቀረጻው ክፍል ግድግዳ ድረስ በእጁ ገባ። ግን ብዙ አልሠራበትም። ከመክፈቻው ጥቂት ቀናት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በዋይት ደሴት ተጫወተ፤ መስከረም 18 ቀን 1970 በለንደን ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር በተያያዘ ሁኔታ በ27 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ ከሲያትል አጠገብ በምትገኘው ሬንተን ተቀበረ። ባንዱን ካቋቋመበት እስከ ሞተበት ያለው ዘመን አራት ዓመት እንኳ አይሞላም።

6. ለክራርና ለማሲንቆ የሚሰጠው ትምህርት

የሄንድሪክስን ሰንሰለት እንዳለ ወስዶ ባህላዊ መሣሪያ ላይ መጫን ከላይ የታየውን መርሕ ይቃረናል፤ ምክንያቱም ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከመሣሪያው ጠባይ ነው። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር በመሆኑ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ፈዝና ኦክታቪያ ከሁሉ የተሻለ የሚሠሩት በነጠላ ድምፅ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ ማሲንቆ ከጊታር ይልቅ የተመቸ ነው። በሌላ በኩል በደጋን የሚገረፍ ክር ከመጀመሪያው በተጓዳኝ ድምፆች የበለጸገ ነው፤ ኃይለኛ ፈዝ የሚጨምርለት ጥቂት፣ የሚያጠፋበት ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። በቆዳ የተለበጠው ሣጥኑም ለድምፅ ማጉያው ንዝረት ፈጥኖ ይመልሳል። ከጠጣር እንጨት በተሠራ ጊታር ሄንድሪክስ ፈልጎ ያመጣው ፊድባክ በማሲንቆ ላይ ሳይፈለግ ይመጣል። ስለዚህ የሣጥኑን ዋና ንዝረት የሚቀንስ ማጣሪያ ከማንኛውም አጉዪ መሣሪያ በፊት መቀመጥ ይኖርበታል።

ክራር የተለየ ችግር አለው። ክሮቹ በአንድነት ሲገረፉ ብዙ ድምፆች አብረው ወደ ፈዝ ይገባሉ፤ መቆረጡም የድምፆቹን ድምርና ልዩነት የሆኑ ሌሎች ድምፆችን ይወልዳል። እነዚህ ከቅኝቱ ውጭ የሆኑ ድምፆች ናቸው። ጠባብ እርከን ባለው በአንቺ ሆዬ ቅኝት ሁለት ተቀራራቢ ክሮች አብረው ቢነኩ መጎርበጡ ይበረታል። በመሆኑም ለግርፍ አጨዋወት ንጹሕ ማጉላትና እንደ ዩኒቫይብ ያለ ሞገድ የማይቆርጥ መሣሪያ ይስማማል፤ ፈዝ ክሮቹ በተናጠል ለሚነኩበት ክፍል ቢጠበቅ ይመረጣል።

የአየር ጠባይም ከስሌት መውጣት የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ፈዝ ፌሶች የተሠሩት በጀርመኒየም ትራንዚስተር ነው፤ የጀርመኒየም አፍሳሽ ጅረት ሙቀት በጨመረ ቁጥር ስለሚያድግ የፔዳሉ ድምፅ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ፣ በቀትር ፀሐይ የተስተካከለ ፔዳል በምሽቱ ብርድ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ሲሊከን ትራንዚስተር በዚህ ረገድ የተረጋጋ ነው፤ ድምፁ ግን የበለጠ ስለታም ነው። ይህን ልዩነት መለካት ለኤሌክትሪክ ምሕንድስናና ለሙዚቃ ተማሪዎች የጋራ ጥናት የሚሆን ጉዳይ ነው። 11 ክፍሎች ብቻ ያሉት ወረዳ በቤተ ሙከራ ሊሠራና ሊለወጥ ስለሚችል፣ ጥናቱን ለመጀመር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ መጠበቅ አያስፈልግም።

7. ማጠቃለያ

ጂሚ ሄንድሪክስ በአጭር ዘመኑ ያሳየው ነገር የድምፅ መሣሪያ ከሙዚቃው በኋላ የሚመጣ ጌጥ አለመሆኑን ነው። ጊታሩን ገልብጦ ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ ስቱዲዮ እስካስከፈተበት ድረስ የእያንዳንዱን ቀለበት ሥራ በጆሮው አውቆ፣ ከሜየርና ከክሬመር ከመሳሰሉ መሐንዲሶች ጋር እየተመካከረ ሠራ።

ለእኛ የሚቀረው ተግባር ሦስት ነው። የመጀመሪያው ክራርና ማሲንቆ በሚቀረጹበት ጊዜ ያልተነካውን ድምፅ ከተጎላው ድምፅ ለይቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ አለዚያ የኋላ ተመራማሪ የመሣሪያውን ድምፅ ከማጉያው መለየት አይችልም። ሁለተኛው የቅጂው መዝገብ ከቅኝቱና ከተጫዋቹ ስም ጋር የማጉያውን ሰንሰለት ቅደም ተከተል እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሦስተኛው አዲስ መሣሪያ ሲገባ አንድ በአንድ እንዲገባና ከባለ ማሲንቆውና ከባለ ክራሩ ጋር እንዲመዘን ማድረግ ነው። የመጨረሻው ዳኛ የእነሱ ጆሮ መሆን አለበት፤ የሚጠፋውንና የሚገኘውን ለዛ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።